ዋንዛው የቆመበት መሐል ሜዳ

እኔ ከፍታ እፈራለሁ። ሌላ ቦታ ቢሆን ማንም ልብ የማይለው ነገር ነው። ቦንጋ ተወልዶ፣ ያውም የንብ አርቢ የበኩር ልጅ ሆኖ ከፍታ መፍራት ግን መሳቂያ ያደርጋል። እኛ ዘንድ ቀፎ ጓሮ አይቀመጥም፤ ትልቅ ዛፍ ላይ፣ ሰው በገመድ ካልሆነ የማይደርስበት ቅርንጫፍ ላይ ይሰቀላል። ዛፉም ዝም ብሎ የበቀለ ዛፍ አይደለም፣ ባለቤት አለው። መሬቱ የማንም ይሁን የማን፣ ዛፉ የእገሌ ነው ከተባለ ሌላ ሰው ቀፎ አይሰቅልበትም፣ መጥረቢያም አያሳርፍበትም። ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል። የሚተላለፈው ደግሞ መውጣት ለሚችል ልጅ ነው።

የእኛ ዛፍ ዋንዛ ነበር። ከተማው ዳር፣ ከብት የሚግጥበት ለጥ ያለ ሜዳ መሐል ብቻውን ቆሟል። ሜዳው የቀበሌ ነው፣ ዛፉ የአባቴ ነው፤ በዚህ ላይ ሁለቱም ተጣልተው አያውቁም። ቅድመ አያቴ ቀፎ የሰቀለበት ነው ይባላል። አበባው ነጭ ሆኖ ሲፈካ ከገበያው ጫፍ ይታያል፤ አቅጣጫ የሚጠይቅ እንግዳ ሁሉ “ከዋንዛው በታች፣ ከዋንዛው በላይ” እየተባለ ነበር የሚመራው።

የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ አባቴ ገመዱን አስያዘኝና “እስኪ ሞክር” ብሎኝ ቀፎ የሚጠቀልልበትን ቅጠል ሊያሰናዳ ዞር አለ። ሁለት ሰው ቁመት ያህል ወጣሁ። ከዚያ ወደ ታች አየሁ። እጄም እግሬም አልታዘዝ አሉኝ። አልጮህኩም። ግንዱን አቅፌ፣ ጉንጬን ቅርፊቱ ላይ ለጥፌ ዝም አልኩ። ምን ያህል ጊዜ እንደቆየሁ አላውቅም። አባቴ ሲመለስ ሱሪዬ ርሷል፣ ጉንጬ ተልጧል። አወረደኝና ፊቴን በመዳፉ ጠረገልኝ። “ለምን አልተጣራህም? እዚሁ አጠገብህ ነበርኩ እኮ” አለኝ። ከዚያ ቀን በኋላ ውጣ ብሎኝ አያውቅም። አልተቆጣኝም፤ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ከእኔ በታች ያሉት ሁሉ እህቶቼ ናቸው፤ በዚያን ጊዜ ሴት ልጅ ዛፍ አትወጣም። ስለዚህ ዋንዛው ወራሽ ሳይኖረው ቀረ። ይህንንም አባቴ አንድ ቀን አላነሳብኝም።

ጅማ ተግባረ ዕድ ገብቼ የንድፍ ሥራ ተማርኩ። ተመርቄ ቦንጋ ስመለስ መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመት ሆኖታል፤ ዞን፣ ወረዳ፣ ካቢኔ የሚባለው ሁሉ ገና አዲስ ነው፣ ቀለሙ ያልደረቀ ቢሮ በየቦታው ይከፈታል። እኔም በዞኑ የሥራ ክፍል ውስጥ ከመስኮት አጠገብ አንድ የንድፍ ጠረጴዛ ተሰጠኝ። ጎረቤት “ልጅህ ምን ይሠራል?” ብሎ አባቴን ሲጠይቀው “ወረቀት ላይ መስመር ያሰምራል” ይል ነበር። ለክፋት አይደለም። የሚያውቀው ይህን ነው። እኔ ግን በሰማሁት ቁጥር ሆድ ይብሰኝ ነበር። ሠላሳ ክንድ ወጥቶ፣ በአንድ እጁ ቅርንጫፍ ይዞ በሌላው ማር ለሚቆርጥ ሰው መስመር ማስመር ምኑ ሥራ ነው?

ዓመታት አለፉ። ዕቅድ የሚወጣለት ነገር በዛ። የመንገድ ዕቅድ፣ የውሃ ዕቅድ፣ የዕቅዱ ዕቅድ፤ ከዚያ ደግሞ ሁሉም ለምን እንዳልተሠራ የሚወራበት ግምገማ። አንድ ቀን ከሌላ ክልል ተመድቦ የመጣው መሐንዲስ ኃላፊያችን ከሥልጠና ሲመለስ አንድ ባለቀለም መጽሔት ይዞ መጣና ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋው። የውጭ አገር ስታዲየም ነው። ጣሪያው ተንሸራቶ ይከፈታል፣ ተንሸራቶ ይዘጋል።

“እንዲህ ያለ ቦንጋ ቢሠራስ?” አለኝ።

የቀለደ መስሎኝ ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም። በዓመቱ መጨረሻ ከላይ ትልልቅ እንግዶች ይመጣሉ፣ ዞኑ የወደፊት ራእዩን በኤግዚቢሽን ያሳያል፣ የእኛ ክፍል ድርሻ ስታዲየም ይሁን ተብሏል። ዝም ብሎ ስታዲየም ደግሞ አይደለም፣ “ሁለገብ” ነው። ከላይ ኳስ፣ ከሥር አዳራሽ፣ በጎን ቤተ መጻሕፍትና ሱቆች። በሕዝብ ስብሰባ ላይ ሲነገር አንድ የእድር ሽማግሌ ተነሥተው “ለቅሶም ይቀመጡበታል ወይ?” ብለው ጠየቁ። ኃላፊያችን ደብተሩ ላይ ጻፈና “ይካተታል” አላቸው።

ሰዉ ግን ከሁሉም በላይ የወደደው ጣሪያውን ነው። ቦንጋን ለማያውቅ ይህ አይገባውም። እኛ ጋ ዝናብ በወቅቱ የሚመጣ እንግዳ አይደለም፣ የቤት ሰው ነው። ከጎረቤት ከተማ የዋጫ ቡድን ለጨዋታ ሲመጣ፣ ከሺሺንዳ ተመልካቹ በአይሱዙ ተጭኖ ሲደርስ፣ ዝናቡም አብሮ ይደርሳል። ኳሷ ኩሬ ውስጥ ገብታ ትቆማለች፤ ሃያ ሁለት ሰው ዙሪያዋን ጭቃ ይራገጣል፤ ማን ለማን እንደሚጫወት የሚለየው በድምፅ ነው። በእንዲህ ያለ አገር ላይ የሚዘጋ ጣሪያ ያለው ሜዳ ይሠራል ሲባል ሰው እንዴት አያምን!

ቦታው ያ ዋንዛችን ያለበት ሜዳ ሆነ። ሌላ ለጥ ያለ መሬት በቅርብ የለም። ልንለካ ወጣን። ቅየሳ የሚጀመረው ከማይንቀሳቀስ አንድ ነጥብ ነው፤ ዜሮ ነጥብ እንለዋለን፣ የተቀረው ሁሉ ከእሱ ተነሥቶ ይለካል። ደንቡ ሲሚንቶ ተፈሶ፣ ብረት ተተክሎ ነው። ሲሚንቶው አልመጣልንም። የእንጨት ካስማ ብንተክል ደግሞ በማግሥቱ አጥር ሆኖ እንደምናገኘው አውቃለሁ። እኔም የዚያ አገር ልጅ ነኝና፣ ድንበር በዛፍ ሲነገር ሰምቼ ያደግኩ ነኝና፣ የመቀየሻ መነጽሩን፣ ቴዎዶላይቱን፣ ወደ ዋንዛው አዞርኩና “ከዚህ እንነሣ” አልኩ።

ኃላፊያችን ጠረጠረ። “ዛፉ ቢወድቅስ?”

“አይወድቅም። ቅድመ አያቴ የሰቀሉበት ነው።”

እንዲህ ያለ ስሕተት የሚሠራ ቀያሽ ከካፋ ሌላ የሚገኝ አይመስለኝም። ብረት አላመንኩም፣ ዛፍ አመንኩ። ፕላኑ ላይ ዋንዛውን ዜሮ አደረግኩት። ልኩም እንዲቀልልኝ የመጫወቻውን መሐል ክብ እዚያው ዛፉ ላይ አሳረፍኩ። ኃላፊዬ “እንደሚመችህ አስቀምጠው፣ ቦታው ሰፊ ነው” ብሎኝ ነበር። ትንሽ ወደ ምሥራቅ ባስጠጋው ዛፉ ከአጥር ውጭ ይሆን ነበር። ብዙ ጊዜ ለምን አላስጠጋሁትም ብዬ ራሴን ጠይቄአለሁ። ለልክ ስለሚቀል ነው እላለሁ። እውነቱን ልናገር ካልኩ ግን፣ እንዲያ ያስፈራኝን ዛፍ በአንድ የእርሳስ ነጥብ ስበልጠው ደስ ብሎኛል።

ሞዴሉን በእጄ ሠራሁት። አጥሩን ከካርቶን፣ መቀመጫውን ቴሌቪዥን ታሽጎበት ከመጣ ነጭ ፎም፣ ሣሩን አረንጓዴ ቀለም ከነከርኩት ሰጋቱራ። ጣሪያው ላይ መጽሔቱን ትቼ የራሴን አደረግኩ፤ ስድስት ማዕዘን ያላቸው ቁርጥራጭ ፕላስቲኮችን እርስ በርስ አያይዤ የማር እንጀራ አስመሰልኩት። በክር ሲሳብ ይከፈታል፣ ሲለቀቅ ይዘጋል። ውስጡ የባትሪ አምፖል አለው። ወር ሙሉ ፈጀብኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ የሠራሁት ነገር የለም።

በኤግዚቢሽኑ ቀን አባቴ የእሁድ ኮቱን ለብሶ መጣ። ሰዉን ገፋ ገፋ አድርጎ ሞዴሉ ፊት ደረሰና ጎንበስ ብሎ ብዙ አየው። በቤታችን ቋንቋ ጠየቀኝ፣ በካፊኖኖ።

“ይህን አንተ ነህ የሠራኸው?”

“አዎ።”

“በእጅህ?”

“በእጄ።”

ክሩን ሰጠሁት። ሳበው፣ ጣሪያው ተከፈተ። ለቀቀው፣ ተዘጋ። እንደገና ሳበ። ማር የሚቆርጥበት ወፍራም ጣቱ ክሩ ላይ ሲጠነቀቅ አየሁ። “ቀፎ ነው የሠራኸው” አለኝ። ቀጥሎ “ዋንዛው የት ነው?” አለ። መሐል ክቡን አሳየሁት። በጣቱ ጫፍ ክቡን ነካው። “እንግዲህ ቀፎ ወርዶ ቀፎ ሊሰቀል ነው” አለና ትከሻዬን ያዘኝ። ለዚያ እጅ ስል ስንት ዓመት ጠብቄአለሁ! ያን ቀን ብሞት እንኳ አይቆጨኝም ነበር።

እንግዶቹ መጡ፣ አጨበጨቡ፣ ሄዱ። በሳምንቱ ኃላፊያችን ጠራኝና በሩን ዘጋ። “ፕላኑን ጠቅልለህ ስቶር አስገባው” አለኝ። ክልሉ በጀት እንደሌለ፣ ሊኖርም እንደማይችል ነግሮታል። “እኔም ብሆን ለእይታ መሆኑን አውቅ ነበር። ለሰው አታውራ፤ የሕዝቡን ሞራል ይነካል።” እሱም አፍሮ ነበር፤ ዓይኔን አላየኝም። ብዙም ሳይቆይ ዝውውር አግኝቶ አገሩ ገባ። አልፈርድበትም። እሱ የሚፈርድበት ሰው ቦንጋ ውስጥ አልነበረውም፣ እኔ ግን ነበረኝ።

ያን ቀን ቤት ስሄድ ለአባቴ መንገር ነበረብኝ። ዛሬ እነግረዋለሁ፣ ነገ እነግረዋለሁ እያልኩ ሰነበትኩ። እሱ ደግሞ በየሄደበት ያወራል። መስመር ያሰምራል ይለኝ የነበረው ሰው “ልጄ የሠራው” እያለ ጣሪያውን በእጁ ከፍቶ እየዘጋ ለሰው ሲያሳይ በመስኮት አየዋለሁ።

ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ ቢሮዬ መጣ። ከዚያ በፊት ቢሮዬ ገብቶ አያውቅም። ያንኑ ኮቱን ለብሷል፣ ባርኔጣውን በእጁ ይዟል። ሦስት የሥራ ባልደረቦቼ ክፍሉ ውስጥ አሉ። በእነሱ ፊት በካፊኖኖ ማውራት ነውር መሰለውና አማርኛ ተናገረ፤ አማርኛ ለእሱ የቢሮ ቋንቋ ነው፣ የሚናገረውም እንደ ማመልከቻ ቀጥ አድርጎ ነው። እኔንም ልጁን እንደ ሹም “እርስዎ” አለኝ። ወንበር ሳብኩለት፣ አልቀመጥ አለ።

“ማሩን ቆርጠናል” አለ። “ቀፎዎቹን ክረምት ሳይገባ ማውረድ ይቻላል። ክረምት ከገባ ንቡ ያልቃል። ማሽኑ ድንገት ቢመጣ ከእነ ንቡ ይጥለዋል። ያንን ዛፍ የሰው እጅ ነክቶት አያውቅም፣ የሰው ማሽን እንዲነካውም አልፈልግም። መውደቁ ካልቀረ እኔ ባለቤቱ ነኝ የምጥለው። እርስዎ ያውቃሉና ልጠይቅ ብዬ ነው። እርግጥ ነው ወይ?”

ባልደረቦቼ ቀና ብለው አዩኝ። ፕላኑ ስቶር መግባቱን ሁሉም ያውቃሉ። ማናቸውም ትንፍሽ አላሉም፤ የእኔ አባት ነው፣ የምመልሰው እኔ ነኝ። አሁን ሳስበው “አባባ፣ ና ውጭ እንነጋገር” ማለት ብቻ ይበቃ ነበር። ሦስት አራት ቃል ነው።

“ፕላኑ ላይ አለ” አልኩት።

ውሸት አይደለም። ፕላኑ ላይ ነበረ። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ውሸት አለመሆኑ ነው፤ ውሸት ቢሆን ያስታውቅብኝ ነበር፣ አባቴ ውሸቴን ያውቃል። ባርኔጣውን አደረገ፣ ሁሉንም በየተራ እጅ ነሣና ወጣ።

ቀፎዎቹን አወረደ። ጎረቤቶች በደቦ ተሰበሰቡ። መጥረቢያ የያዘ፣ ገመድ የያዘ፣ ለማየት የመጣም ብዙ ነው። አባቴ ግንዱን አንዴ ዞረውና መጥረቢያውን ወደ እኔ ዘረጋ።

“የመጀመሪያውን አንተ ምታ። ያንተ ነበር” አለኝ።

እዚያ ላይ እንኳ ጊዜ ነበረኝ። ሰዉ ሁሉ ቆሞ ይጠብቀኛል። አባባ፣ ተው፣ የሚሠራ ነገር የለም ብል ያፍራል፣ አፍራለሁ፣ ደቦው ይስቅና ይበተናል፤ ዛፉ ግን ይቆማል። ግንዱ ላይ ልጅ ሆኜ ጉንጬን የለጠፍኩበት ቦታ የት እንደሆነ አውቀዋለሁ። መጥረቢያውን አነሣሁና መታሁት። ከዚያ ሌሎቹ ተቀበሉኝ። እስኪወድቅ ግማሽ ቀን ፈጀ። ሲወድቅ ሰማዩ ድንገት ሰፋ፤ ያን ያህል ሰማይ እዚያ ቦታ ላይ አይቼ አላውቅም። አባቴ ጉቶው ላይ መዳፉን አሳርፎ ቆየ። የሰው ትኩሳት እንደሚለካ ሰው ነበር የሚመስለው።

ቀፎዎቹን ራቅ ወዳለ ጫካ፣ ወደ አንድ ዘመዳችን ዛፍ ወስዶ ሰቀላቸው። ንቦቹ ግን አልገባቸውም። ብዙዎቹ ተመልሰው መጡ። ለቀናት ከጉቶው በላይ፣ ድሮ ቀፎው በነበረበት ከፍታ ላይ፣ ባዶው አየር ውስጥ ሲዞሩ ነበር። ከሥር ቆሞ ላየ ሰው የማይታይ ቅርንጫፍ የሚፈልጉ ይመስሉ ነበር። ጠዋት ወደ ቢሮ ስሄድ በዚያ ማለፍ ተውኩ፤ ዙሪያ ጥምጥም እሄድ ጀመር። በኋላ እህቴ ሣሩ ላይ ረግፈው እንዳየቻቸው ነገረችኝ።

ዋንዛ ለእንጨት የሚፈለግ ዛፍ ነው፤ ስንት ነጋዴ ለመነው። አባቴ በሁለት ሰው መጋዝ አሰነጠቀና ጣውላውን በሙሉ ለማዘጋጃ ቤቱ አስረከበ። “ለወንበሩ መጀመሪያ ይሁን” ብሎ። ማዘጋጃ ቤቱም ሳያመነታ ተቀበለና ስለ ልማት ተሳትፎው ማኅተም ያለበት የምስጋና ደብዳቤ ሰጠው። ደብዳቤው በመስታወት ገብቶ ሳሎናችን ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። ጣውላው ደግሞ ግቢ ውስጥ ሁለት ክረምት ዝናብ ከጠጣ በኋላ የስብሰባ ጠረጴዛ ሆነ። ግምገማ የምንቀመጠው እዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ ነበር። በየግምገማው ክርኔን የአባቴ ዛፍ ላይ አስደግፌ ግለ ሒስ አወርዳለሁ፤ ሰዓት አላከብርም፣ ሪፖርት አዘገያለሁ፣ ተነሳሽነት ይጎድለኛል። ያን አንዱን ግን አንድ ቀን አላነሣሁትም።

አባቴ በመጀመሪያው ዓመት “መቼ ነው?” ይለኝ ነበር። “በሚቀጥለው በጀት ዓመት” እለዋለሁ። በሁለተኛውም እንዲሁ። በሦስተኛው መጠየቁን ተወ። ማር ሊቆርጥ የሚወጣበትን ገመድም ለዘመዳችን ልጅ ሰጠ፤ “ሩቅ ነው፣ ጉልበቴን ያመኛል” አለ። ጉልበቱ ደህና እንደነበር አውቃለሁ፤ ገበያ ለመሄድ አላመመውም። ማታ ማታ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ወደዚያ ባዶ ሰማይ ያያል። እናቴ “ምን ይታይሃል?” ስትለው “ዝናብ” ይላታል።

ሜዳው ባዶ መሆኑ ለወጣቶቹ ተመቻቸው። የባሕር ዛፍ አጠና አቁመው ጎል አደረጉ። ጉቶው በትክክል መሐል ሜዳ ላይ ነበር፤ መጀመሪያ እሱን እየዞሩ ተጫወቱ፣ በኋላ ቆፍረው አወጡትና ጉድጓዱን አፈር ሞሉበት። አፈሩ ሰመጠ። ዝናብ ሲመጣ ውሃ የሚቋጥረው እዚያ ሆነ።

አንድ እሁድ ከአባቴ ጋር ጨዋታ ልናይ ሄድን። እሱ ነው “ና እንሂድ” ያለኝ። የዋጫ ቡድን መጥቷል። እንደ ደንቡ ዝናቡ መጣ። ሰዉ እግሬ አውጪኝ ብሎ ወደ ትምህርት ቤቱ ታዛ ሸሸ፣ እኛ በእኔ ጃንጥላ ሥር ቀረን። ተጫዋቾቹ ቀጠሉ። ኳሷ እየተንከባለለች መጥታ መሐል ሜዳው ኩሬ ውስጥ ገባችና ቆመች። ሁሉም ከበቧት።

“ጣሪያው ይሄኔ ይዘጋ ነበር” አለ አባቴ።

ቀና ብዬ አየሁት። አልቀለደም፣ አልተቆጣምም። “አባባ፣ እኔ…” አልኩ።

“አውቃለሁ” አለኝ። ወደ ሜዳው እያየ ነበር። “ያኔ ዛፉ ላይ ስትቀርም እንዲሁ ነበርክ። ፈርተህ ሳለ አትጣራም። እኔ አጠገብህ ነበርኩ።”

መቼ እንዳወቀ አልጠየቅኩትም፤ አንዳንዴ ቢሮዬ የመጣ ቀን ከባልደረቦቼ ፊት አንብቦት ይሆን እላለሁ፣ ከዚያ ይህን ማሰብ እፈራለሁ። አውቆ ከሆነ ለምን ቆረጠው? እንድናገር እየጠበቀኝ ነበር? መጥረቢያውን ሲሰጠኝም እየጠበቀኝ ነበር? ጃንጥላውን ወደ እሱ አዘነበልኩ፣ ግማሽ ጎኔን ዝናብ መታኝ፣ ጨዋታው አንድ ለአንድ አለቀ።

ከዚያ ጨዋታ በኋላ በሁለተኛው ዓመት፣ ክረምት ላይ፣ አባቴ አረፈ። ለለቅሶ የመጣው ሰው ድንኳኑ ስለጠበበው ዝናብ ላይ ተቀመጠ። ለቅሶ ይቀመጡበታል ወይ ብለው የጠየቁት ሽማግሌ ትዝ አሉኝ፤ ከእሱ ቀድመው አልፈዋል። የምስጋናውን ደብዳቤ ከግድግዳው ላውርደው ብል እናቴ እንቢ አለችኝ። “በሱ ደስ ይለው ነበር” አለች። አሁንም እዚያው ነው።

ከዚያ ብዙ ቆይቶ፣ እኔም ጡረታዬ ሲቃረብ፣ ከክልል አንዲት መሐንዲስ መጣች። ስታዲየሙ እንደገና ታስቧል፤ ምርጫ ደርሶ ይሁን ሌላ፣ አልጠየቅኩም። ከስቶር የእኔን ፕላን አውጥታዋለች። ጠርዙን አይጥ በልቶታል፣ የእጅ ጽሑፌ ግን ይነበባል። ማን እንደሳለው አላወቀችም።

“ጋሼ፣ ይህን የሠራው ሰው ምን ነክቶት ነው?” አለችኝ። “ልኩ ሁሉ የሚነሣው ከዛፍ ነው። ‘ዜሮ ነጥብ፣ ዋንዛ’ ይላል። የቱ ነው ዋንዛው?”

“ላሳይሽ” አልኳት።

ሜዳው ድረስ ሄድን። ያካፋል። እንደ ካሜራ በሦስት እግር የሚቆመውን አዲሱን መሣሪያዋን ጎሉ አጠገብ ተከለች። እኔ ወደ መሐል ሄድኩ። ሣር ብቻ ነው፣ አንድ የሚይዙት ምልክት የለም። ግን ኩሬው አለ። ጫማዬን ሳላወልቅ ገባሁበትና ቆምኩ። ውሃው እስከ ቁርጭምጭሚቴ ነው። ሥሩ የነበረበት አፈር እስካሁን ለስላሳ ነው፣ እግር ይውጣል።

“እዚህ ጋ ነው” ብዬ እጄን አነሣሁ።

“እርግጠኛ ነዎት?”

“እርግጠኛ ነኝ።”

“እንግዲያው እዚያው ይቁሙልኝ፤ በእርስዎ ነው የምለካው” አለች። ዓይኗን መሣሪያው ላይ አድርጋ አነጣጠረችብኝ። ዝናቡ ጠነከረ። ወረቀቱን በፕላስቲክ ስትሸፍን ቆየችና፣ እንደ ዋዛ፣ ሰው ለመጫወት እንደሚጠይቀው፣ “ዛፉን ማን ቆረጠው?” አለችኝ።

ይህን ጥያቄ ብዙ ሰው ጠይቆኛል። ሁልጊዜ “አባቴ ነው” እላለሁ፣ እንዲያውም “በገዛ እጁ” ብዬ እጨምራለሁ።

“እኔ ነኝ” አልኳት።

ዝናቡ ድምፄን ወሰደው። እጇን ጆሮዋ ላይ አድርጋ “አልሰማሁዎትም ጋሼ” አለች።

“እኔ ነኝ” ብዬ ጮህኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ጮኼ አላውቅም፤ ትምህርት ቤቱ ታዛ ሥር የተጠለሉ ሰዎች ዞረው አዩኝ።

“እሺ” አለች። “አሁን እንዳይንቀሳቀሱ።”